ከጅዳ መልስ፣ ዘጠነኛ ክፍል

ይማም ደውሎ «ቲቸር ሐረግ፣ እትዬ ሉባባን አጣናት» ሲለኝ ደሴ ገበያ መሀል ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ይማም መካነ ሰላም ሳስተምር ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው፤ ዛሬ እሱም አጅባር ላይ ያስተምራል። ፌስታሉን እንዳንጠለጠልኩ ከሰው መሀል ወጥቼ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ድንገት ታማ ሳምንት እንኳ ሳትተኛ ማለፏን፣ ለቅሶው አቀስታ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ይማም ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ቲቸር፣ ያ ሳንባ ትዝ ይልዎታል?» አለኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ከጎኔ ድንች ዘርግታ የምትሸጥ ሴት እንባዬ እየወረደ ስስቅ አይታ «ምነው እቴ፣ ደህና አይደለሽም?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ሉባባ እንድሪስን የሚያውቅ ሰው መርዶዋን እንኳ ቢሰማ ሳይስቅ መጨረስ አይችልም።

መካነ ሰላም የተመደብኩት ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅኩ ዓመት ነው። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ስለሆነ ብርድ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ እዚያ የደረስኩ ሰሞን ሹራብ ለብሼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ከላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ጨምሬ እንኳ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ያድር ነበር። ባዮሎጂ ነበር የማስተምረው። ዕድሜዬ ከተማሪዎቼ ብዙም ስለማይርቅ፣ እንዳይንቁኝ ፊቴን አኮሳትሬ ክፍል እገባለሁ።

የተከራየኋት ክፍል የጋሽ እንድሪስ ግቢ ውስጥ ናት። ጋሽ እንድሪስ በጉልምስናቸው በቅሎ እየነዱ ከከላላ ገበያ አጅባር ገበያ ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ ኑሮ ያስተማራቸው ግን ብዙ ነው፣ በዚያም ይኮራሉ። ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብረቀርቀው አዲሱ ቤታቸው የተሠራው ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ በምትሠራው በትልቋ ልጃቸው ላብ ነው። ያቺ ልጅ ሉባባ ናት።

እኔ መካነ ሰላም በገባሁ በዓመቱ ሉባባ መጣች። ሰፈሩ በሙሉ «እንኳን አላህ በሰላም አመጣሽ» ሊል ጎረፈ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ግቢያችንን ሞላው። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ይጠጋል። ወፈር ያለች፣ ድምፀ ጎርናና፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ የሚስቅ ሴት ናት። ሰው ሁሉ የራሱን ግምት ይናገራል። አንዱ ሱቅ ትከፍታለች ይላል፣ ሌላው ታገባለች፣ ሌላው ዕረፍቷን ጨርሳ ትመለሳለች። መስከረም ሲጠባ እሷ ትምህርት ቤት መጥታ ዘጠነኛ ክፍል መዝግቡኝ አለች። ወደ ጅዳ የሄደችው ስምንተኛን እንደጨረሰች ነበር።

የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ከዳይሬክተሩ ቢሮ የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ የተባለውን ሁሉ ሰማን። ዳይሬክተራችን አቶ ደምሴ ሥነ ሥርዓት አጥባቂ፣ ክራቫታቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው ናቸው።

«የማታ አለልሽ እኮ» አሏት።

«ማታ የሚማር ቀን ሥራ ያለው ነው። እኔ ቀን ምን ሥራ አለኝ?»

«ከልጆቹ ጋር አብረሽ ስትቀመጪ ልጆችሽ ነው የሚመስሉት።»

«ታዲያ አይረብሹማ! እናቱ ከጎኑ ቁጭ ብላ ማን ይረብሻል?»

«ዩኒፎርም ግዴታ ነው» አሉ፣ በዚህስ ትሸነፋለች ብለው።

«ወላሂ፣ ልኬን ለልብስ ሰፊው ሰጥቼ ነው የመጣሁ።»

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰማያዊ ቀሚስና ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ ጥቁር ሻርፕ ጠምጥማ፣ ወርቃማ ዘለበት ያለው የጅዳ ቦርሳ አንጠልጥላ ከዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ፊት ቆመች። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እሷ ግን ዞር ብላ «ሳቁ፣ ሳቁ፤ ዛሬ ካልወጣላችሁ ነገ ክፍል ውስጥ ያስቸግራችኋል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የሳቀባት አላየሁም። በሳምንቱ ሁሉም «እትዬ» ይላት ጀመር፤ ኋላ ወንበር ላይ ሆነው መከራ ያሳዩኝ የነበሩት ወንዶች እንኳ ሉባባ ገርመም ካደረገቻቸው ደብተራቸውን ይገልጣሉ።

ከእኔ ጋር አንድ ወግ ነበረን። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ እኔ ለሷ ቲቸር ነኝ፣ «እርስዎ» ነኝ። አጥሩን ወጥተን አብረን ወደ ግቢያችን ስንሄድ «አንቺ ልጅ» እሆናለሁ፤ «አንቺ ልጅ፣ ምሳሽን በልተሻል? ፊትሽ ገርጥቷል» ትለኛለች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አፏ በራሱ ይቀየራል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተሳስታ «አንቺ» ብላኝ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ስትደነግጥ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ጥያቄዋ አያልቅም ነበር። ሌላው ተማሪ ምን እንደሚጻፍ ይጠይቀኛል፤ እሷ የምትጠይቀኝ ለምን እንደሆነ ነው። ቅጠል አረንጓዴ ነው ስል፣ ለምን? ደም ቀይ ነው ስል፣ ለምን? እጇን ስታወጣ አምባሮቿ ስለሚንኳኩ ገና ሳላያት ጥያቄ መምጣቱን አውቃለሁ። መልሱ ሲጠፋኝ «ነገ እነግራችኋለሁ» እላለሁ። «አብሽሩ ቲቸር፣ እኛ የትም አንሄድ» ትላለች። በሷ ምክንያት ያነበብኩትን ያህል ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አላነበብኩም።

ይማም ያስታወሰኝ ሳንባ የመጣው በአረፋ ሰሞን ነው። ስለ አተነፋፈስ ሳስተምር ሳንባን በቀይ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሥዬ ነበር፤ ሉባባ አንገቷን ዘመም አድርጋ አይታ «ቲቸር፣ ይሄ ጥቅል ጎመን አይመስልም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይመስላል። በነጋታው፣ ለበዓሉ ቤታቸው የታረደውን የበግ ሆድ ዕቃ ከነሳንባው በትልቅ ፌስታል ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ዘረጋችው። ተማሪው ወንበር ላይ ቆመ። እኔ ራሴ ልብና ሳንባ ያየሁት በጠርሙስ ውስጥ፣ መድኃኒት ጠጥቶ ገርጥቶ ነው፤ እንዲህ ትኩስ ሆኖ አጋጥሞኝ አያውቅም።

«ማን ይንፋው?» አልኩ። ይማም ዘሎ ወጣ። በማንቁርቱ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገብተን እፍ ሲል፣ ያ ተጨማዶ የነበረ ሥጋ ቀስ እያለ ተነሳ፣ ተወጠረ፣ ሮዝ ሆነ። ክፍሉ ጮኸ። ጩኸቱን የሰሙት አቶ ደምሴ በሩን በርግደው ሲገቡ ይማም ደንግጦ ቱቦውን ለቀቀው፤ ሳንባው በፊታቸው «ፍ-ር-ር-ር-ር» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አቶ ደምሴ ሳንባውን አዩት። እኔን አዩኝ። «ትምህርት ነው?» አሉኝ። «ትምህርት ነው» አልኩ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ።

ሉባባ በድሏ ተደስታ ሆድ ዕቃውን ማገላበጥ ጀመረች። ከውስጡ አንድ ጠቆር ያለ ነገር አንስታ ለልጆቹ አሳየች። «ስኳር በሽታ የሚመጣው ይቺ ስትበላሽ ነው» አለች።

«እሱ ጣፊያ ነው» አልኳት። «ስኳርን የሚቆጣጠረው ቆሽት ነው።»

«ቲቸር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በግ ስበልት የኖርኩ ሴት ነኝ እኮ። ሆድ ዕቃ ይጠፋኛል?»

«ሆድ ዕቃው አይጠፋሽም፤ ሥራው ነው የጠፋሽ።»

መጽሐፉን ገልጬ ሥዕሉን አሳየኋት። እሷም አልለቀቀች፣ እኔም አልለቀቅኩ፤ ሁለታችንም እጃችንን እስከ ክርናችን አስገብተን ፈለግን። ከጨጓራው ሥር፣ ስብ መሀል የተጣበቀች ገርጣ ያለች ልፍስፍስ ነገር አገኘን። ሉባባ በሁለት ጣቷ አንስታ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይቺን? ይቺንማ ሁልጊዜ ለውሻ ነው የምንጥላት።» ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ወይኔ! ቆሽቴ አረረ፣ ቆሽቴ ደበነ ስል ስኖር ቆሽት የት እንዳለ እንኳ አላውቅም! ያለ አድራሻ ስሳደብ ነው የከረምኩት በሉኛ!»

እስካሁን የዚያን ዕለት የሳቁትን ልጆች መንገድ ላይ ሳገኛቸው «ቲቸር፣ ቆሽትዎ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ለምን ብላ ለምን ብላ የማትጠግበው ለምን እንደሆነ የነገረችኝ አንድ እሑድ፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ስናጥብ ነው። ጅዳ የነበረችበት ቤት የምታስታምማቸው ባልቴት ነበሩ፣ ሐጃ ትላቸዋለች፤ የአልጋ ቁራኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ። ልጆቻቸው ሥራ ስለሚውሉ ሐጃን የምታገላብጠው፣ የምታጥበው፣ የምታበላው እሷ ናት። የስኳሩን መርፌ መውጋትም አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ መጥታ አሳየቻት። ጠዋት ይህን ያህል፣ ማታ ይህን ያህል። ብዙ ዓመት ወጋች። እጇ ከመልመዱ የተነሳ ሐጃ መወጋታቸው እንኳ አይታወቃቸውም ነበር። እንደ ልጃቸው ይወዷታል፤ እሷም እናቷን በልጅነቷ ስላጣች፣ ወደደቻቸው።

«አንድ ጠዋት» አለችኝ አንሶላ እየጨመቀች፣ «ሐጃን ሲያስመልሳቸው አድሮ ምንም አልቀመሱም። እኔ ሰዓቱ ደረሰ ብዬ ወጋኋቸው። ቁርሱን ይዤ ስመለስ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ዓይናቸው ተገልብጧል። ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አንቺን የሚያህል። ‹ምንም ሳይበሉ ወጋሻቸው? ሌሽ?› አለኝ። ለምን ማለቱ ነው። ‹ሌሽ? ሌሽ?› ይለኛል። እኔ ያኔ ዓረብኛን ገበያ ወርጄ እከራከርበታለሁ፣ ጎረቤት ጋ እጣላበታለሁ፣ እቀልድበታለሁ። ለሌሽ ግን መልስ የለኝም። ሰዓቱ ስለደረሰ ነዋ!»

«ሞቱ?» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ፣ ተረፉ። ነቅተው መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው። ልጆቻቸውም አልተቆጡኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መርፌ ባነሳሁ ቁጥር ልኩን ሦስቴ እየደገምኩ አየዋለሁ። የማውቀው የመሰለኝን ነገር ሁሉ የት ድረስ እንደማውቀው ማወቅ አቃተኝ።» አንሶላውን ገመዱ ላይ ወረወረችው። «ሐጃ ኋላ በሰላም አረፉ። እኔም ትምህርቴን ልጨርስ ብዬ መጣሁ። ነርስ እሆናለሁ።»

ችግሩ ቤት ውስጥ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሆና፣ ብሔራዊ ፈተናው ወራት ሲቀሩት፣ እሷን ተከትሎ ጅዳ የሄደው ወንድሟ አዲስ ቪዛ አገኘሁላት ብሎ ላከ። ጥሩ ቤት፣ ጥሩ ደመወዝ ነው ተባለ። ታናናሾቿ ገና ተማሪ ናቸው፤ የሉባባ እጅ ካልተዘረጋ ያ ቤት እንደማይቆም ሁሉም ያውቃል። ጋሽ እንድሪስ ክፉ አባት አይደሉም፤ ልጃቸውን በጣም ነው የሚወዱት። ነገሩ ግን አልገባቸውም።

«ልጄ፣ አንቺ ምን ቀረሽ?» ይሏታል በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው። «ባሕር ተሻግረሻል፣ የሰው አገር ቋንቋ ችለሻል፣ ሕመምተኛ አስታመሻል። ኑሮ ያስተማረሽን እነዚህ ልጆች ከመጽሐፍ ገና ሊፈልጉት ነው። ተመልሰሽ እንደገና የምትማሪው ለምንድን ነው?»

«አባዬ፣ አንቱ የበቅሎ መንገዱን በእግርዎ ነው የተማሩት። ይሁን። እኔ የምይዘው ግን የሰው ነፍስ ነው።»

«እስካሁንስ ይዘሽ አልነበር?»

«እሱ ነው ያስፈራኝ።»

አንድ ቀን እኔም ላስረዳ ብዬ መሀላቸው ገባሁ። ስለ ትምህርት ጥቅም ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ ሥልጣኔ አልኩ፣ ዕድገት አልኩ፣ ወደፊት አልኩ። ጋሽ እንድሪስ በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ «አላህ ይባርክሽ ልጄ፣ ደስ የሚል ንግግር ነው፤ ሬድዮም እንዲሁ ይላል» አሉኝ። ሉባባ ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከተተች።

ሉባባ ግን ማጥናቷን አልተወችም። የሚያቅታት ሒሳብ ነው። ይማምና ሁለት ሴቶች ልጆች ከትምህርት መልስ እየመጡ በረንዳው ላይ እኩልታ ያስጠኗታል፤ እሷ ደግሞ በምላሹ የዓረብ ሩዝ ከነዶሮው ሠርታ ታጠግባቸዋለች። ኤክስ የት እንደሚሄድ በመጨረሻ የገባት ዕለት ተነስታ እልል ያለችውን ጎረቤት ሰምቶ፣ ሰርግ መሰለው።

የነገሩ መቋጫ የመጣው በወላጆች ቀን ነው። አዳራሹ በወላጅ ጢም ብሏል፤ ጋሽ እንድሪስም ነጭ ኩታቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ደምሴ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲያስደረድሩ፣ እንግዳ ሲቀበሉ እህል አልቀመሱም። መድረኩ ላይ ቆመው «የተከበራችሁ ወላጆች፣ ትምህርት ማለት…» ካሉ በኋላ ተንተባተቡ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛውን ሊይዙ ሲሉ ስተውት ወደቁ።

አዳራሹ ተተራመሰ። አንዱ ውሃ አምጡ ይላል፣ አንዱ ክብሪት ጫሩላቸው፣ አንዷ ጠበል እያለች ትሮጣለች። ጸሐፊያቸው ወይዘሮ አስካለ ከቢሮ መርፌና ብልቃጥ ይዛ እያለቀሰች መጣች። «ስኳር አለባቸው! ለማንም አትናገሪ ብለውኝ ነው! መድኃኒታቸው ይኸው!»

ሉባባ መርፌ እንደምትወጋ የማያውቅ የለም። «ሉባባ የታለች? ሉባባ ትውጋቸው!» ተባለ። ሰው ገለል ብሎ አሳለፋት። መርፌው እጇ ገባ። ጋሽ እንድሪስ ከወንበራቸው ተነስተው «ውጊያቸው ልጄ! ምን ትጠብቂያለሽ!» ብለው ጮኹ።

እኔ ከአቶ ደምሴ ራስ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር። ሉባባ ከጎኔ ተንበረከከች። ፊቷ አመድ መስሏል። መርፌውን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን ግንባራቸው ላይ አደረገች፣ ከዚያ ደረታቸው ውስጥ።

«ላብ አጥምቋቸዋል። ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንደ ሐጃ ነው። ወይዘሮ አስካለ፣ ጠዋት ተወግተዋል?»

«አዎ፣ ስገባ ወግተው ጨርሰው ነበር።»

«በልተዋል?»

«ኧረ ምንም! ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ነው የወጡት።»

ሉባባ ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ መርፌው ስኳሩን ያወርዳል። እሳቸው ደግሞ አልበሉም። ወርዶ ነው አይደል? ንገሩኝ፣ ወርዶ ነው?»

ያስተማርኩት ገጽ ፊቴ ላይ ተገለጠልኝ፤ ግን ገጹ ላይ ላብ የለም፣ የሰው ጩኸት የለም። «ወርዶ ነው» አልኩ። «መርፌው ይገድላቸዋል። ስኳር ነው የሚያስፈልጋቸው። ግን አፋቸው ውስጥ ውሃ አታፍስሺ፤ ራሳቸውን ስተዋል፣ ያንቃቸዋል።»

«በጎን እናስተኛቸው!» አለች። አገላበጠቻቸው፤ እንዲያ ያለ ከባድ ሰው እንደ ሕፃን ነው የዞረላት። ለእንግዶች ከተዘጋጀው ሻይ ላይ ስኳር አስመጣች፣ ጣቷን አርሳ ስኳሩ ውስጥ እየነከረች ከከንፈራቸው ውስጥ ድዳቸውን ታሽ ጀመር። ደግማ፣ ደግማ። ሰው ሁሉ «መርፌውስ? ኧረ መርፌው!» ይላል። አልሰማችም። እኔ የልባቸውን ምት ይዤ እቆጥራለሁ፤ ሳልጨርስ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

አቶ ደምሴ አቃሰቱ። ዐይናቸውን ገለጡ። ጣሪያውን አዩ፣ ሉባባን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በደካማ ድምፅ፣

«…ስለዚህ ወላጆች…» አሉ።

አዳራሹ በሳቅም በለቅሶም ፈነዳ። ወይዘሮ አስካለ ሉባባን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። አቶ ደምሴን ሻይ በብዙ ስኳር አጠጥተን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ሐኪሙም ያንን መርፌ ብትወጉአቸው ኖሮ አይመለሱም ነበር አለ።

ከሰዓት ግቢያችን ስንደርስ ጋሽ እንድሪስ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ጠበቁን። ሉባባን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ያ ሁሉ ሰው፣ እኔ አባትሽ ጭምር፣ ውጊ እያልንሽ አልወጋሽም።»

«አዎ አባዬ።»

«ጅዳ ነው ይህን የተማርሽው፣ ወይስ እዚህ?»

«መውጋቱን እዚያ፣ አባዬ። መተዉን እዚህ።»

ጋሽ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። ከዚያ ስልኩን አቀብይኝ አሏትና ልጃቸው ጋ ጅዳ አስደወሉ። መስመሩ ሲንኮሻኮሽ በሙሉ ድምፃቸው ነበር የሚናገሩት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። «ቪዛውን ለሌላ ሰው ስጥ! እህትህ ሥራ አለባት! ምን? አይደለም፣ ተማሪ ናት! ተ-ማ-ሪ!»

ፈተናው ደረሰ። ሒሳቡን በጭንቅ ነው ያለፈችው፤ ባዮሎጂ ግን ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የበለጠችው እሷ ናት፣ ይህን ስናገር አሁንም ደረቴ ይነፋል። ደሴ ነርስነት ተማረች። ስትመረቅ የተመደበችው አቀስታ ጤና ጣቢያ ነው፤ ብርዱ ከመካነ ሰላም የባሰ መሆኑን ጽፋልኝ «ኮምቦልቻዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሞቺ ነበር» አለችኝ። እዚያው የሚኒባስ ሾፌር አገባች፣ ወለደች። እኔም ወደ ደሴ ተዛወርኩ። በየዓመቱ አንድ ሁለቴ እንገናኛለን፤ በተገናኘን ቁጥር የማላውቀው ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። እኔም ደግሞ ከሷ ወዲህ ሳላሳይ ያስተማርኩት ነገር ካለ አላስታውስም፤ የበግ ሳንባ በየዓመቱ ክፍሌ ይገባል፣ ዳይሬክተሮችም በየዓመቱ ይደነግጣሉ።

ይማም የደወለልኝ ዕለት ማግስት ወደ አቀስታ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ወደ መንገዱ ፈሷል። ጋሽ እንድሪስ ከመካነ ሰላም መጥተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በጣም አርጅተዋል፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ሰላም ስላቸው በድምፄ አወቁኝና እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ሴቶቹ ጋ ስቀመጥ ከጎኔ ያለችው አንዲት የገጠር ሴት ናት፤ ስሟ መዲና ነው አለችኝ። ልጇ ሕፃን ሳለ ስኳር በሽታ ያዘው። ሉባባ መውጋት አሳየቻት፤ መዲና ግን የመርፌው ላይ ቁጥር ማንበብ አትችልም ነበር።

«በክር ምልክት እሰሪልኝ አልኳት» አለችኝ መዲና። «‹አላስርልሽም› አለች። ‹ክሩ ቢፈታ የልጅሽን ልክ በምን ታውቂዋለሽ?› ብላ ቁጭ አድርጋ ቁጥር አስቆጠረችኝ። እየመጣሁ እየሄድኩ ተማርኩት። ከዚያ ቁጥሩን ካወቅሽ ፊደሉስ ለምን ይቅርብሽ አለችኝ። ይኸው ትምህርት ቤት ገባሁ። ልጄ አምስተኛ ነው፣ እኔ አራተኛ። እሱ ማካፈል ላይ ይበልጠኛል፤ ማንበብ ላይ ግን እኔ ነኝ።»

ይህን ስትለኝ ዓይኗ ሰዓት ይፈልግ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ደነገጠች። ለመነሳት ትሞክራለች፣ ታፍራለች፣ ትቀመጣለች።

«ምን ሆነሽ?» አልኳት።

«ፈተና አለብኝ» አለችኝ በጆሮዬ። «አሁን ነው። ከለቅሶ እንዴት ተነስቼ እሄዳለሁ? ነውር አይሆንም?»

በመጨረሻ ተነሳች፤ ጎንበስ ብላ ጋሽ እንድሪስ ፊት ሄዳ ቆመች። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ፈተና አለብኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ደህና አድርገው ስላልሰሙ ከጎናቸው ያለው ሰው በጆሯቸው ደገመላቸው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ በሩ አመለከቷት።

«ሂጂ እንጂ!» አሉ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ፣ አታርፍጂ!»

መዲና ነጠላዋን ሰብስባ፣ አንድ ጫማዋን እያጠለቀች አንዱን በእጇ ይዛ፣ ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።